ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ግራጫ ሆኖ ዝቅ ብሏል፣ ሣሩ ላይ የጋገረው አመዳይም ገና አልረገፈም።

ስቱሬ የመኪናውን መስታወት እየፋቀ ነበር። በብርዳሙ የዴልስቦ መንደር ቅጠል ከረገፈ በኋላ መኪናው ውጭ የሚያድርበት ሰው ሁሉ ቀኑን የሚጀምረው በመፋቅ ነው። የስቱሬ መኪና ግን ውጭ የሚያድረው ጋራዥ ጠፍቶ አልነበረም። ጋራዥ አለ፤ ሰፊ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው ጠብታ የማያሳልፍ። ችግሩ በውስጡ የሟች መኪና መኖሩ ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። እሱና ኢንገላ ሁለቱም ስድሳን ተሻግረው፣ ሳይጋቡ አብረው ለመኖር ተስማምተው ወደ እሷ ቤት የገባ ዕለት መጻሕፍቱን ሳሎን ደረደረ፣ ኮቱን መተላለፊያው ላይ ባለ አንድ ሚስማር ሰቀለ፣ መኪናውን ግቢው ውስጥ በዛፍ ሥር አቆመ። ስለ ጋራዡ የጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ኢንገላ ስለ ታመመች እኅት የምታወራ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እዚያ እሷ አለች አለችው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም። ጥያቄው ቀረ እንጂ ነገሩ አልቀረም፤ በየማለዳው ከመስታወቱ ላይ በረዶ ሲፋቅ ከሆዱም አንድ ነገር አብሮ ይፋቅ ነበር።

እሷ የተባለችው ትከሻዋ ክብ የሆነ፣ ጥቁር ቀይ፣ አሮጌ የአገር ሥሪት መኪና ናት። የገዛት የኢንገላ ባል ቶርስተን ነው። ቶርስተን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መኪናዋ ግን እንደ ሙሽራ ተይዛ አለች። በየዓመቱ፣ ሰው ሁሉ በዘመዱ መቃብር ሻማ በሚያበራበት የቅዱሳን ቅዳሜ፣ ኢንገላ ሁለት ነገር ታደርጋለች። ረፋዱን ጋራዡን ዘግታ መኪናዋን ለክረምት ታስተኛለች፤ አመሻሹን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ቶርስተን ራስጌ ሻማ ታቆማለች። ስቱሬ በልቡ ቀኑን «የቶርስተን ተዝካር» ይለዋል። በዚያ ቀን የእሱ ድርሻ ወጥ ቤት ተቀምጦ ድንች መላጥና ከጋራዡ የሚመጣውን የብረት ድምፅ ማዳመጥ ነበር።

ዘንድሮ ግን ኢንገላ ከሦስት ሳምንት በፊት እርጥብ ቅጠል አንሸራትቷት የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። እስከ ክርኗ በጀሶ ታስራለች። ቁርስ ላይ፣ ዳቦዋን በግራ እጇ እየታገለች፣ ዛሬ እጅህን ታውሰኛለህ አለችው። አምስት ዓመት የጠበቀው ቃል ይህ ነው ብሎ ነበር፤ ሲመጣ ግን የጠበቀውን አልመሰለውም። እጅህን አለች እንጂ አንተን አላለችም።

ጎረቤታቸው ያልማር ውሻውን እየጎተተ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ሰማንያ የደፈነ፣ ከእግሩ በቀር ሁሉ ነገሩ የሚፈጥን ሰው ነው።

«ስቱሬ፣ ዛሬ ቅድስተ ቅዱሳኑ ውስጥ ትገባለህ አሉ» አለው።

«ማን አለ?»

«ባለቤቷ ናታ፤ ፖስታ ሣጥኑ ጋ አግኝታኝ። በል ጫማህን አውልቀህ ግባ። እኔ አርባ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ፣ ቶርስተን አንድ ቀን ከደፉ አላሳለፈኝም።»

ስቱሬ ሳቀለት። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ያልማር የተናገረውን ወደ ራሱ ቁስል ተረጎመው፦ አርባ ዓመት የደጅ ጎረቤት ያልገባበት ቤት፣ ባልና ሚስት ብቻ የሚያውቁት ቤት። ውሻው ከአጥሩ ሥር ሽንቱን ሸንቶ ሄደ፤ ያልማርም ተከተለው።

ጋራዡ ውስጥ የሰምና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ነበር። መሣሪያዎቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው እያንዳንዱ ከጀርባው ቅርጹ በቀለም ተሥሎለታል፤ አንዱ ቢነሳ ቦታው ባዶ መሆኑን ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ኢንገላ የበግ ቆዳ ጣል ባለበት ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀመጠች፤ አጠገቧ የቡና ቴርሞስ አለ። ወረቀት አልያዘችም። የሥራውን ተራ አባታችን ሆይ እንደሚደግም ሰው ያለ ማመንታት ትለው ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ነገር ነው፣ ከሰም ይጀምራል፣ በልብስ ይጨርሳል።

ስቱሬ ሰሙን ከመጀመሩ በፊት በሩን ለመዝጋት ዞረና ከበሩ ጀርባ ያለውን ጣውላ አየ። ከላይ እስከ ወገቡ ድረስ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ በየመስመሩ አንድ ቀንና አንድ ቁጥር። በየዓመቱ መኪናዋ ስትተኛ የቆጠረችው ኪሎ ሜትር እዚህ እንደሚጻፍ ኢንገላ ነገረችው። ሠላሳ አራቱ መስመር በቶርስተን እጅ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰልፍ የያዘ ወታደር ይመስላል። ከሥሩ ስምንቱ የኢንገላ ናቸው፤ ወደ ቀኝ የዘመሙ፣ ክብ ክብ ያሉ። በሁለቱ መካከል የአንዲት ጣት ክፍተት እንኳ የለም። ሁለት እጅ በአንድ አልጋ ጎን ለጎን የተኙ መሰለውና ፊቱን መለሰ።

«ጨርቁን በክብ አትሸው» አለችው ከወንበሯ። «በረጅሙ።»

«ይሄም የቶርስተን ነው?»

«በክብ የታሸ ፀሐይ ላይ ያሳብቃል።»

አዎ አላለችም፤ እሱ ግን አዎን ሰማ። በረጅሙ አሸ። የበሮቹን ማጠፊያ ቅባት ቀባ፣ የመስኮቶቹን የጎማ ጠርዝ በሰም ዳበሰ፣ ጎማዎቹን ከልማዳቸው በላይ ነፋ። የቤንዚኑን ጋን ኢንገላ እጇ ከመሰበሩ በፊት አስሞልታለች፤ ባዶ ጋን በክረምት ውስጡ ያልበዋል፣ ያላበውም ይዝጋል። ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ነበራት፤ እያንዳንዱ ምክንያት ለስቱሬ ጆሮ የሟች ድምፅ ነበረው።

ዓመቱን ሙሉ በዚህች መኪና ላይ ቂም ሲይዝ ምክንያት አላጣም። በጋ ሲገባ ኢንገላ ታወጣትና ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወደ ኖርዌይ ድንበር። መሪው ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ክንዷን አውጥታ፣ ግጥሙን የማታውቀውን ዘፈን ታንጎራጉራለች። ስቱሬ ከጎኗ ሆኖ በየኩርባው አንድ ነገር ያስባል፦ እዚህም ከቶርስተን ጋር ቆማለች። ይህን ሐይቅ ከእሱ ጋር አይታዋለች። የምትስቀው ከእሱ ጋር የሳቀችውን አስታውሳ ነው። አልጠየቃትም፤ መልሱን ያወቀው ይመስለው ነበርና። አምስት በጋ እንዲህ ሄደ።

ባለፈው በጋ አንድ አቀበት ላይ አርጅቶ የነበረ የጎማ ቱቦ ፈነዳና የራዲያተሩ ፈሳሽ አስፋልቱ ላይ ተንዠቀዠቀ። ኢንገላ ቱቦውን በማጣበቂያ ጠቀለለችው። ከሥር ከነበረው ሐይቅ በቡና ማፍያ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሰው ውሃ ሞሉ። እሷ ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ቶርስተን ቢሆን ትርፍ ቱቦ ይይዝ ነበር እያለ ነበር።

«ስድስተኛ» አለች አሁን ኢንገላ። «ፈሳሹን ለካ። ያን ሁሉ ውሃ ጠጥታለች። መካኒኩ ቱቦውን ቀየረ እንጂ ፀረ-ብርዱን ይጨምር አይጨምር አላውቅም።»

መለኪያው ጫፉ ላይ የጎማ ኳስ ያለው የመስታወት ቱቦ ነው፤ በውስጡ ቀጭን መርፌ አለች። ፈሳሹን ከራዲያተሩ ሲስቡት መርፌዋ ተነሥታ ፈሳሹ በረዶ ሳይሆን የስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚችል ታሳያለች። ስቱሬ መሣሪያ ማንበብ እንጀራው ነበር። አርባ ዓመት የመሬት ቀያሽ ሆኖ ሲሠራ መሣሪያ ያለውን እንጂ ያላለውን ጽፎ አያውቅም፤ በዚህም ሲመሰገን ይኮራ ነበር። ኳሱን ጨመቀ፣ ለቀቀ፣ ቱቦውን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገ።

መርፌዋ ከአራት አላለፈችም። ከዜሮ በታች አራት። ፈሳሹ ከውሃ በብዙ አይሻልም ማለት ነው።

ኢንገላ በዚያ መካከል ከወንበሯ ተነሥታ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ነበር። ደህናውን እጇን ክቡ የመኪናዋ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገቻት።

«ደህና ክረሚ፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

ባለፈው ክረምት ስቱሬ ሳንባው ታሞ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር። ኢንገላ መድኃኒቱን ሰዓቱን ሳታዛንፍ አመጣችለት፤ ባመጣችለት ቁጥር የምትለው «ጠጣ» ብቻ ነበር። አሁን ያ ትዝ አለው። ቱቦውን ከመብራቱ አወረደ።

«ስንት ይላል?» አለችው ጀርባዋን እንደ ሰጠችው።

«ሠላሳ አምስት።»

«ከዜሮ በታች?»

«ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት።»

«ጎሽ መካኒኩ» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ቡናዋን ቀዳች።

ስቱሬ ፈሳሹን ወደ ራዲያተሩ መልሶ ክዳኑን ገጠመው። ጠዋት ሬዲዮው ለሌሊቱ ከዜሮ በታች ዐሥራ ሁለት ብሎ ነበር፤ ከዚያም ገና ታኅሣሥ አለ፣ ጥር አለ። ብርድ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የድንበር ድንጋይ ከሥሩ ነቅሎ ሲያዘም አይቷል፣ ሦስት ሰው የማያነሳውን ቋጥኝ እንደ ዳቦ ለሁለት ሲገምሰው አይቷል። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ካበጠ የሞተር ብረት ለብርድ ምኑ ነው። በጸደይ ኢንገላ ቁልፉን ስታዞር ከሥር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ስንጥቁ ይታያል። ማንም አይወቀስም። ከሙት ጋር የሚሟገት ሰው መቼም አያሸንፍም፤ ብርድ ግን ያሸንፋል። ይህን አሰበና ለአፍታ ደስ አለው፤ ደስታው እንደ ጨው ውሃ ነበር፣ ሲጠጡት ይበልጥ የሚያስጠማ።

ሥራው ቀጠለ። ባትሪውን አውጥቶ ወደ ቤት ተሸከመው፤ ክረምቱን የሚያሳልፈው ሞቃቱ መተላለፊያ ውስጥ፣ በስቱሬ ኮት ሥር ነው። ሲመለስ መኪናዋን በክሪክ እያነሳ አራት የእንጨት ጉማጅ ከሥሯ አኖረ፤ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሲከርሙ ሆዳቸው ጠፍጣፋ አይሆንም። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። ማርሚታውን አይጥ እንዳይገባበት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ደፈነው። የሚያደርገውን ሁሉ ከልክ በላይ አጥርቶ ያደርገው ነበር። ኢንገላ እጅህ ጥሩ ነው አለችው፤ ምስጋናው እንደ ስድብ ገባው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ቀጥሎ ልብሱ መጣ። ኢንገላ ከሣጥን ያስወጣችው ትልቅ ነጭ ጨርቅ ነበር፤ አራት የተልባ አንሶላ ተገጣጥሞ የተሰፋ፣ በታጠበ ብዛት የለሰለሰ። ጫፉ ላይ በቀይ ክር ሁለት ፊደል ተጠልፏል፤ የኢንገላና የቶርስተን ስም መነሻ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጠምጥሞ።

«የሠርግ አንሶላ» አለ ስቱሬ። ጥያቄ አልነበረም።

«የእናቴ ጥልፍ ነው» አለች።

ሊያለብሳት ሲል አስቆመችው። መጀመሪያ ቁጥሯን አንብብና ጻፍ ብላ ከኪሷ አጭር እርሳስ አውጥታ ዘረጋችለት።

«እኔ?»

«ታዲያ በጀሶ ልጻፍ?»

ስቱሬ አጎንብሶ የመኪናዋን ቆጣሪ አነበበ፦ ሰባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ አራት። ወደ ጣውላው ሄደ። ከኢንገላ ስምንተኛ መስመር ሥር ቀኑን ጻፈ፤ ቁጥሩንም ጻፈ። ሦስተኛ እጅ እዚያ ሲያርፍ አየ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ከዚያ ዐይኑ፣ በአርባ ዓመት ልማዱ፣ የጻፈውን ከላይኛው ጋር ለማመሳከር ወጣ። ስድሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዐሥር። ልዩነቱ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት፤ ትክክል ነው፣ ወደ ባሕሩ ሁለት ጊዜ ሄደዋል። አንድ መስመር ከፍ አለ። ሦስት ሺህ ገደማ። እንደገና ከፍ አለ፤ እንደገና። የኢንገላ የመጀመሪያው መስመር አርባ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዐሥር ይላል። ከእሱ በላይ የቶርስተን የመጨረሻው አለ፦ አርባ ሦስት ሺህ ሃምሳ ስድስት።

ከእሱ በላይ፣ አርባ ሦስት ሺህ።

ከእሱ በላይ፣ አርባ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት።

ስቱሬ መነጽሩን አስተካከለ። እስከ ጣውላው ጫፍ ድረስ በጣቱ ወጣ፣ በጣቱ ወረደ። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስድስት። ጠዋት እጅ ጽሕፈቱን ብቻ አይቶ ፊቱን መልሶ ነበር፤ ቁጥር እንጀራው የሆነ ሰው ቁጥሩን አላነበበውም።

«ኢንገላ» አለ ሳይዞር። «በዓመት ሃምሳ ስድስት ኪሎ ሜትር የት ነበር የምትሄዱት?»

«ለዓመታዊው ምርመራ። ሃያ ስምንት መሄጃ፣ ሃያ ስምንት መምጫ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜ የለም።»

ከዚያ ነገረችው፤ ድምጿ ስለ ሌላ ሰው ጎረቤት የምታወራ ይመስል ነበር። ቶርስተን መኪናዋን ይወለውላት ነበር እንጂ አይነዳትም። አቧራ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ዝናብ አለ። ኢንገላ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ የተቀመጠችባት አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ከእግሯ ሥር ጋዜጣ ተነጥፎላት። መሪውን ነክታ አታውቅም። ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆና በሠራችባቸው ዓመታት በብስክሌት ትመላለስ ነበር፤ በረዶ ሲሆን በእግሯ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እናቷ ለሠርጓ የጠለፈችላትን አንሶላ ተቀዶ፣ ተሰፍቶ፣ መኪናዋ ለብሳው አገኘችው። ቶርስተን የማይቧጭር ጨርቅ ያስፈልግ ነበር አላት።

«ከተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት ቁልፉን አገኘሁት» አለች። «የሚስማር ቆርቆሮ ውስጥ ደብቆት ነበር። አስነሣኋትና እስከ ባሕር ሄድኩ። ወደቡ ላይ ጨው የበዛበት ዓሣ በላሁ። ተመለስኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም።»

ስቱሬ ታዲያ ለምን የእሱን የሥራ ተራ ትጠብቂያለሽ አላት።

«ምክንያቱም ሰውየው መኪና ማስተኛት ያውቅ ነበር። ከእሱ የቀረኝ ጥሩ ነገር ይኸው ነው፤ ለምን እጥለዋለሁ?»

«እኔንስ ለምን አምስት ዓመት ደጅ አቆምሽኝ?»

ኢንገላ ቡናዋን አየች።

«ሠላሳ አራት ዓመት እኔ ቆሜ ነበር» አለች። «ጋራዡን ትንሽ ጊዜ ብቻዬን ልያዘው ብዬ ነው። አምስቱ ትንሽ በዛ መሰለኝ።»

ስቱሬ እርሳሱን እንደ ያዘ ቆመ። ሐይቆቹ አንድ በአንድ መጡበት፤ የኖርዌይ ድንበር፣ ያ አቀበት፣ ዐሥራ አንዱ የቡና ማፍያ ውሃ። ከእሱና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ኋላ ወንበር ላይ ሟች ጭኖ አምስት በጋ የዞረው እሱ ራሱ ነበር። እሷ የምትስቀው ለሐይቁ ነበር፤ ምናልባትም ለእሱ። አንዱንም በጋ ሳያጣጥመው አሳልፎታል።

ከውጭ ሰማዩ ጠርቶ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ መዝመም ጀምሯል። ሦስት ሰዓት የማይሞላ ቀን ቀርቶታል፤ ብርዱም እየጠነከረ ነው። እርሳሱን መደርደሪያው ላይ አኖረ።

«አላለም» አለ።

«ምኑ?»

«መለኪያው። ሠላሳ አምስት አላለም። አራት ነው ያለው።»

ኢንገላ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ አሮጌ ነው አለች። መውጫ በር ነበር፤ ሰፊ፣ ማንም የማይወቀስበት በር። ስቱሬ አየው።

«መሣሪያው ደህና ነው» አለ። «አራትን አይቼ ሠላሳ አምስት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በቶርስተን።»

አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ላይ አኖረችው፣ በአንድ እጇ፣ ቀስ ብላ፣ አጣጥፋ።

«በቶርስተን የቀና ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። «ግን አንድ ነገር ስማ፣ ስቱሬ። ሞተሩ ተሰንጥቆ ቢሆን የእሱን አልነበረም የምትሰብረው። የእሱ አልነበረችም። የኔ ናት።»

ስቱሬ ወደ መኪናው ሮጦ ፀረ-ብርድ ሊገዛ ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ፣ ዛሬ የቅዱሳን ቅዳሜ ነው፣ እስከ ሁዲክስቫል ከተማ ድረስ የተከፈተ ሱቅ የለም አለችው። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ የድሮ ሰው መንገድ። ውሃ የሌለበትን ሞተር ብርድ አይነካውም። ይፍሰስ አለች። ጠብታ እንዳይቀር።

ባልዲ አምጥቶ ገባበት፤ ጉማጆቹ ላይ በተቀመጠችው መኪና ሥር በጀርባው ተጋድሞ፣ ሲሚንቶው ቅዝቃዜውን ከሹራቡ እያሳለፈ። ኢንገላ በግራ እጇ መብራቱን ያዘችለት። የራዲያተሩ ማፍሰሻ በቀላሉ ተከፈተ። የሞተሩ ጎን ላይ ያለው ብሎን ግን ስንት ዓመት ያልተፈታ ነው፤ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ቢያስገድደው ይሰበራል፣ ቢተወው ከግማሽ በላይ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ዘይት ቀባው፣ ጠበቀ፣ ሞከረ። ደግሞ ቀባው። ጣቶቹ ሲደነዝዙ ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃቸዋል። ኢንገላ አልፎ አልፎ ትንሽ ወደ ግራ ትለዋለች። በመስኮቱ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ፤ በመንገዱ ላይ ሻማ የያዙ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያልፉ እግራቸው ቅጠሉን ሲያንኮሻኩሽ ይሰማል።

ስቱሬ ከሥር ሆኖ መቃብሩ አይመሽብሽም ወይ አላት።

«ይጠብቅ። መጠበቅን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዛሬ ተራው ነው።»

ብሎኑ በአምስተኛው ሙከራ ንቅ አለ። ፈሳሹ መጀመሪያ በእጅጌው ውስጥ እስከ ብብቱ ሮጠ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው ገባ። እየወረደ ያለውን ሁለቱም አዳመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ኢንገላ ከላይ። «ጣውላውን ባታነበው ኖሮ፣ በጸደይ ስትሰነጠቅ ምን ትለኝ ነበር?»

ስቱሬ ፊቱ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ብርዱ ነው እልሽ ነበር።»

«አምንህ ነበር» አለች።

መብራቱ አልተንቀሳቀሰም። ፈሳሹ ክር ሆነ፣ ከክርም ጠብታ ሆነ። የማሞቂያውን ቱቦ ከፈተ፤ ከእሱም ጥቂት ወረደ። ጠብታው እስኪያቆም ጠበቀ፤ ካቆመ በኋላም ጠበቀ። ከሥር ሲወጣ ኢንገላ እጇን አልዘረጋችለትም፣ መብራቱን ግን መንገዱ ላይ ያዘችለት። ከእንግዲህ መለኪያውን የማነበው እኔ ነኝ አለችው። ይሁን አለ። አንሶላውን ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ይዘው መኪናዋን አለበሷት፤ የተጠለፈው ፊደል በእሷ በኩል ነበር፣ ወደ ውስጥ አጠፈችው።

ባልዲውን ስቱሬ ከበሩ ውጭ ግድግዳው ሥር አኖረው።

ሌሊቱን ብርዱ ከዜሮ በታች ዐሥራ ሦስት ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያለው እስከ ታች ድረስ በረዶ ሆኖ ነበር።